ተረከዝ ያልተነሳበት ቡጢ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ባሮ ድልድይ አጠገብ ካለች አንዲት ሻይ ቤት እቀመጣለሁ። ወጣቶቹ ስልካቸው ላይ ቦክስ ያያሉ። ባለፈው ሰሞን አንድ ፀጉሩ የሸበተ የውጭ አገር ከባድ ሚዛን ቦክሰኛ በልጁ ዕድሜ ካለ ሰው ጋር ሊጋጠም ነው ተብሎ ክርክር ተነሣ። አንዱ «ሽማግሌው ጉልበቱ እንዳለ ነው፣ ይዘርረዋል» ይላል። ሌላው «ሰውዬው ቤቱ ቁጭ ብሎ የልጅ ልጆቹን ያጫውት» ይላል። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የሥራው ሰው ነዎት። ያረጀ ቦክሰኛ በዛሬዎቹ ፊት ይቆማል?»

ይህንኑ ጥያቄ በገዛ ገላው የጠየቀ አንድ ሰው አውቃለሁ። መልሱን ሲያገኝም አጠገቡ ነበርኩ። ለወጣቶቹ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ነገርኳቸው፤ እዚህ ደግሞ ሰፋ አድርጌ ልጽፈው ፈለግሁ።

ወደ ጋምቤላ ያመጣኝ ቦክስ አይደለም። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ከደጋ የወረድኩት አልዌሮ ግድብ ሲሠራ ነው። አቦቦ ላይ በንብረት ክፍል ተቀጥሬ ሲሚንቶና ጎማ ስረከብና ሳስረክብ ኖርኩ። ወባ ደጋግማ ጣለችኝ፤ አልሄድኩም። ግድቡ ሲያልቅ ወደ ከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ተዛወርኩ፣ አሁንም ንብረት ጠባቂ ሆኜ። የተረከብኩት ንብረት ጥቂት ያረጁ ጓንቶች፣ አንድ የተቀደደ የልምምድ ጆንያና ሃምሳ አለቃ በቀለ ናቸው እያልኩ እቀልድ ነበር። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሃምሳ አለቃ በቀለ የቦክስ አሰልጣኛችን ነበሩ። በውትድርና ዘመናቸው ቦክሰኛ የነበሩ፣ አፍንጫቸው የተጣመመ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። የምንለማመድበት አዳራሽ ወለል ጣውላ ነበር፤ ምስጥ በላው። አለቆቻችን ሌላ ጣውላ እንገዛለን እያሉ አንዱ ሲሾም አንዱ ሲሻር፣ ሃምሳ አለቃ የተረፈውን ጣውላ ነቅለው ከባሮ ዳር አሸዋ በጋሪ አስጭነው አመጡ። እንደ ጊዜያዊ መላ የተጀመረው አሸዋ በዚያው ቀረ። ኋላ አንድ አለቃ ሲሚንቶ ላስደርግላችሁ ሲሏቸው እንቢ ያሉት እሳቸው ናቸው።

ማለዳ ሙቀቱ ሳይነሣ ይመጡና አሸዋውን በረጅም ጣውላ ያስተካክሉታል። ሁለት ልጆች ተጋጥመው ሲያበቁ ሌላው ሰው የልጆቹን ፊት ያያል። እሳቸው ግን ይንበረከኩና ዱካቸውን ያያሉ። አንድ ቀን እኔን አጠገባቸው አንበረከኩኝ።

«ቡጢ ከእጅ አይወጣም» አሉኝ፣ «ከመሬት ነው የሚነሣው። ከልቡ የመታ ሰው የኋላ ተረከዙ ይነሣል፣ ጣቱ አሸዋውን ይቆፍራል። ጉድጓድ ካላየህ ያ ልጅ አልመታም። ጓዱን ዳብሶታል።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የልጆቹን እጅ በፋሻ የሚያስሩት ራሳቸው ብቻ ናቸው። ፋሻውን በጣቶቹ መሐል እያዞሩ እንዴት እንዳደረ፣ ምን እንደበላ፣ ከማን እንደተጣላ ይጠይቁታል። «እጁን ካልያዝኩት አይነግረኝም» ይሉ ነበር። እንቅልፍ ያጣ ወይም ቤቱ ችግር ያለበት ልጅ ያን ቀን ጓንት አያጠልቅም። ከእሳቸው አጠገብ ሆኜ ጓንት ስሰፋ፣ ማታ ማታ ደግሞ የእንግሊዝኛውን የውድድር ደንብ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ሳነብ ሥራውን ተማርኩት። ሲያርፉ አዳራሹ በእኔ እጅ ቀረ። ማንም አሰልጣኝ ብሎ አልሾመኝም፤ የሚከለክለኝም አልነበረም።

አሁን ወደ ቱት ልምጣ።

ቱት ኑዌር ነው። ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የመጋዘን ጥበቃ ሆኖ ይሠራል፤ የአዳራሻችንን በር ጎንበስ ሳይል አይገባም። ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት መስመር ተቀዷል። ቀድሞ የኑዌር ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ የሚደረግለት ነው። በአንድ ወቅት የተቀደዱ ልጆች ዕድሜ ልካቸውን እኩዮች ይባላሉ። የዛሬ የከተማ ልጆች ትተውታል።

በጉብዝናው ጊዜ እንደ ቱት ያለ ከባድ ሚዛን አላየሁም። ችግሩ ሌላ ማንም አለማየቱ ነው። በአገራችን ቀላል ሚዛን ሞልቷል፤ ከባድ ሚዛን ግን በዚያ ዘመን ወይ አይገኝም፣ ወይ ተገኝቶ ቱትን ሲያይ ያመዋል። ወደ ውድድር እንወስደዋለን፣ ለብሶ ሪንግ መሐል ይቆማል፣ ዳኛው ብቻውን የቆመውን ሰው እጅ ያነሣል። በፎርፌ አሸነፈ። ሜዳሊያ ይዞ ይመለሳል። ባለቤቱ ኛቦል ሜዳሊያዎቹን ሳሎን ሰቅላቸዋለች። አንድ ቀን ትንሿ ልጁ «አባባ፣ ይሄን ማንን መትተህ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ይህን ያጫወተኝ እየሳቀ ነው፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

ዕድሜው ወደ አርባ ሲጠጋ ነገሩ ተለወጠ። ትልልቅ ልጆች መጡ። በአዲስ አበባም፣ በጅማም፣ በሐዋሳም ከባድ ሚዛን የሚባል ነገር ተፈጠረ። ለእኛም ኮንግ መጣልን፤ ሃያ ዓመት የሞላው፣ እንደ ቱት የረዘመ፣ ከቱት የፈጠነ የከተማ ልጅ። ቱት ይህን ሲሰማ ከስንት ዓመት በኋላ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ደንቡ ከአርባ ዓመት በላይ መጋጠም አይፈቅድምና የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ቦክሰኛ መሆኑን ማወቅ።

ከኮንግ ጋር አጋጠምኳቸው። ባየሁት ተደነቅሁ። ቱት ልጁን እንደ ፈለገ አደረገው። ግራ እጁን ይዘረጋል፣ ልጁ ወደ ኋላ ይላል፤ እጁን ዝቅ አድርጎ ይቆማል፣ ልጁ ምንም አያገኝም። በየሳምንቱ እንዲሁ። የሚያረጅ ቦክሰኛ መጀመሪያ በእግሩ ነው የሚታወቀውና በየጊዜው ተንበርክኬ የቱትን ዱካ አይ ነበር። ንጹሕ ነው፣ ጉድጓዱም አለ። «ይህ ሰው ዕድሜ አልነካውም» ብዬ ለአለቆቼ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ።

ይህን ብዬ ጅማ ወሰድኩት። የሥራ ዘመኔ ክፉ ቀን ያ ነው። የገጠመው ልጅ የተለየ ሰው አልነበረም፤ ደህና የሠለጠነ፣ ትከሻው ሰፊ ወጣት ነው። ቱት እንደ ልማዱ እጁን ዝቅ አድርጎ ቆመ። ልጁ አንድ ግራ አሳየውና ቀኙን መንጋጋው ላይ አሳረፈው። ቱት ሲወድቅ ሪንጉ ተንቀጠቀጠ። ተነሣ፣ ግን ዓይኑ እኔን አያይም። ግጥሚያው ይቁም ብዬ ፎጣ ወረወርኩ። የመጀመሪያው ዙር ገና አላለቀም ነበር።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ፣

«ጋሼ፣ ያ ቡጢ ምንድነው?» አለኝ።

«ቀኝ እጅ ነዋ። ተራ ቀኝ እጅ።»

«እኔ እሱን አላውቀውም።»

ማታ ቤት ስገባ ልጄ ትዕግሥት ጠበቀችኝ። ትዕግሥት ነርስ ናት፤ ከአውቶቡስ እንደወረድን ቱትን ያከመችው እሷ ነች። ልጆቼን በጥብቅ ነው ያሳደግሁት፤ በፊቴ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ያን ቀን ግን ከፍ አደረገች።

«አባዬ፣ ሰውዬው ሦስት ልጆች አሉት። ሁለተኛ እንደዚህ ቢመታ እኔ ጋ አታምጣው።»

«በአዳራሹ ማንም አይነካውም፣ ትዕግሥት። ምን እንደነካው አላውቅም።»

«እኮ፣ ለምንድነው የማይነካው?»

እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ዱካ ሳነብ የኖርኩ ሰው ለምን ብዬ አልጠየቅሁም ነበር። በማግሥቱ አሸዋውን ራሴ አስተካከልኩ። መጀመሪያ ኮንግን ጆንያ አስመታሁትና ተንበርክኬ አየሁ፤ የኋላ እግሩ ጣት አሸዋ በትኖ ጎድጓዳ ቀዳዳ ሠርቷል። ቱት ካገገመ በኋላ ቀለል ያለ ልምምድ አደረግሁላቸውና የቱትን ትቼ የኮንግን ዱካ አየሁ። ተረከዙ አንዴም አልተነሣም። አሸዋው ላይ ጠፍጣፋ እግር ብቻ ነው ያለው፤ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲቆም የሚተወው ዓይነት።

ቱት ሲሄድ ኮንግን አስቀረሁት።

«ኮንግ፣ እኔን ነው የምታታልለው?»

«አልገባኝም ኮች።»

«ጆንያውን ስትመታ ጉድጓድ ትቆፍራለህ። ቱትን ስትመታ የት ይሄዳል?»

ጓንቱን እየፈታ «አባቴ ነው» አለ።

«አባትህ ቾል፣ ማታር ከተማ አይደለም እንዴ ያለው?»

«እሱም አባቴ ነው። ከአባቴ ጋር በአንድ ወቅት ነው ግንባራቸው የተቀደደው። እኩያው ነው። የአባትን እኩያ መምታት አባትን መምታት ነው። ኮች፣ እኔ ለመምታት አስባለሁ። እጄ ከትከሻዬ ይወጣል፣ ፊቱ ጋ ሲደርስ ይሞታል።»

«አንተ ደግሞ ግንባርህ ያልተቀደደ፣ እሑድ እሑድ ጊታር የምትጫወት የጴንጤ ልጅ። ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ጊታሩ ምን አደረገ ኮች?» አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ታላቁን የሚያከብር ልጅ ደስ ይለኛል፤ የእኔንም እንዲሁ ለማሳደግ ደክሜያለሁ። ግን አክብሮት እውነቱን ከሸፈነ የተከበረውን ሰው ይጎዳዋል። ኮንግ ቱትን እየወደደው አስመትቶታል፤ እኔም የልጁን ጨዋነት የቱት ችሎታ አድርጌ ቆጥሬዋለሁ። ከደጋ የመጣሁ ሰው ነኝና አላውቅም ነበር ማለት አያድነኝም። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ዕድሜዬን ኖሬያለሁ።

ለቱት በስልክ መንገር አልፈለግሁም። ኩሌ ድረስ ሄድኩ። መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁትና ሁሉን ነገርኩት።

«በፊት ሰው የለም» አለ። «አሁን ሰው መጣ፣ አይመታኝም። ጋሼ፣ እኔ ቦክሰኛ ነኝ ወይስ ዝም ብዬ ትልቅ ሰውዬ ነኝ?»

«አላውቅም» አልኩት። እውነቱ እሱ ነው።

ለቀጣዩ አገር አቀፍ ውድድር አንድ ከባድ ሚዛን ነው የምንልከው። የምልከው ወይ ቱትን ነው ወይ ኮንግን። ቱት ውድድሩን ትቶት ነበር፤ የፈለገው ኮንግ አንድ ጊዜ የእውነት እንዲገጥመው ነው። ኮንግ «አባቴን ጠይቁ» አለ። ስለዚህ ሦስታችን በጭነት መኪና ማታር ሄድን።

ቾል ባሮ ዳር፣ ከወንዝ ማዶ የመጣ ዓሣ በሚራገፍበት ቦታ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘነው። እሱም ግንባሩ ላይ ስድስት መስመር አለው። ከቱት ጋር ተቃቅፈው ተሰዳደቡ፤ ኮንግ ተረጎመልኝ። «አባቴ ሆድ አወጣህ ይለዋል። ቱት ደግሞ ሆድ ያወጣሁት ግንባራችን ሲድን በጠጣሁት በአንተ ላሞች ወተት ነው ይላል።»

ጉዳዩ ሲነገረው ግን ሳቁን አቆመ። ብዙ ጠየቀ። ቱት ቢጎዳ ኃላፊነቱ የማን ነው? ልጁስ ከዚያ በኋላ በቱት ቤት እንዴት ይገባል? ቱት አንድ ነገር ብቻ መለሰለት። ምን እንዳለው ኮንግ ሊተረጉምልኝ አፈረ። በኋላ እንደ ነገረኝ፣ «ከሞትኩ በኋላ ልጆቼ ስለ እኔ ውሸት እንዲያወሩ ትፈልጋለህ?» ብሎታል።

ቾል ወደ ወንዙ እያየ ፈረደ። እኩያ እኩያውን ቢመታ ነውር የለበትም። ስለዚህ እሱ ራሱ ጋምቤላ ይመጣል፣ የልጁን እጅ ራሱ ያስራል፣ ሪንጉ አጠገብ ይቀመጣል። «እኔ እዚያ እስካለሁ የሚመታህ እጅ የእኔ እጅ ነው» አለው ቱትን።

የግጥሚያው ጠዋት ከሃምሳ አለቃ በኋላ ከእኔ እጅ ወጥቶ የማያውቀውን ፋሻ ለዓሣ ነጋዴው ለቾል ሰጠሁ። መጀመሪያ አጥብቆ አሰረው፤ አስፈትቼ አሳየሁት። ሁለተኛ ሲያስር በጣቶቹ መሐል እያዞረ ለልጁ በዝቅታ ያወራለት ነበር። ምን እንዳለው አልጠየቅሁም። ፎጣውን ለትዕግሥት ሰጠኋት። ከልቤ የምወደውን ሰው ስመለከት ዓይኔን አላምነውም ነበር። እሷም «ወርውሪ እስክትለኝ አልጠብቅም» አለችኝ።

ዳኛም እኔው ሆኜ ደወሉን መታሁ። ኮንግ ገና ይዳብሳል። ቱት ራሱ ተቆጣ፤ በቀጭን ግራ አፍንጫውን ነካው። ቾል ከወንበሩ አንድ ቃል ጮኸ። ያኔ የኮንግ ተረከዝ ሲነሣ አየሁ። ቀኙ ጅማ ላይ ባየሁት መንገድ መጥቶ የቱት ጉንጭ ላይ አረፈና ያ ግዙፍ ሰው አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። ኮንግ ማዕዘኑ ላይ ፊቱን በጓንቱ ሸፈነ። ትዕግሥት ፎጣውን ጨብጣ ወደ ፊት መጣች። እየቆጠርኩ ሳለ ቱት ወደ እሷ ዞሮ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ፤ ዓይኑ ጥርት ያለ ነበር። ስምንት ስል ቆሟል።

ሁለተኛው ዙር ከባድ ነበር። ቱት አሁን እጁን ከፍ አድርጓል፣ ግን እግሩ ይዘገያል። ኮንግ ይዞረዋል፣ ይመታዋል፣ ይሄዳል። የሚገርመው ቱት እየተመታ ልጁን ያጤን ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ያላገኘውን ትምህርት በሦስት ደቂቃ የሚማር ሰው ይመስላል። ሲቀመጥ ውኃ ሰጠሁት። ከንፈሩ አብጧል።

«ይበቃሃል?» አልኩት።

«አሁን ነው እኮ የጀመረው» አለኝ።

ሦስተኛውን ዙር ዛሬም እያየሁት ነው። ቱት ልጁን ማሳደድ ተወ። አሸዋው መሐል ቆመና ልጁ እንዲመጣ ፈቀደ። ቀኙ ሲመጣ ራሱን በጣት ስፋት ብቻ ዘወር አደረገ፤ ቡጢው በጆሮው ጥግ አለፈ። ሌላ መጣ፤ አሁንም አለፈ። ከዚያ ወዲያ ያረፈበት የለም። እግሩ ሞቷል፣ ትንፋሹ እንደ ወናፍ ይሰማል፣ ግን ልጁ ከማሰቡ በፊት እሱ ያውቃል። ኮንግ አሁን የሚያዝንለት ሰው የለም፤ ከልቡ፣ በሙሉ ጉልበቱ ይሰነዝራል፣ አየር ያገኛል። ቾል ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ። ትዕግሥት ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አፏን ይዛ ታያለች። ደንብ እንዳነብ፣ ልጅ እንዳሠለጥን ያደረገኝ ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ አንድ ቀን ይህን ለማየት ኖሮ ነው። በመጨረሻ ኮንግ ቀኙን ስቶ ሲከፈት ቱት በግራው ከጎድን አጥንቱ በታች መታው። ረጅም ቡጢ አልነበረም። ኮንግ ቀስ ብሎ ተንበረከከ። ቱት ወደ ማዕዘኑ ሄዶ ገመዱን ይዞ ቆመ። ልጁ ተነሣ፤ ደወሉም ተመታ።

ዳኛው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ዙር የኮንግ ነው፣ ሁለተኛውም የኮንግ ነው፣ ሦስተኛው የቱት። የኮንግን እጅ አነሣሁ። ቱት ልጁን አቅፎ ግንባሩን ግንባሩ ላይ አስደገፈ። ኮንግ ሲያለቅስ ቾል ከኋላ መጥቶ ሁለቱንም ያዛቸው።

ትዕግሥት በረዶ ጉንጩ ላይ ይዛለት ሳለ ቱት ጠራኝ።

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ ያሉት እንደ ኮንግ ናቸው?»

«እንደ ኮንግ ያሉ አሉ። የሚበልጡትም አሉ።»

«እኔ ብሄድስ?»

ላጽናናው እችል ነበር። ይህ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ሰው እየራራለት የተጎዳ ሰው ነው።

«ውድድሩ ሦስት ዙር ነው፣ ዘጠኝ ደቂቃ ይፈልጋል» አልኩት። «ስድስቱን አትችለውም። እግርህ የለም፤ ይጥሉሃል። የምልከው ኮንግን ነው። በሦስቱ ግን ዛሬ በዚህ አገር ካሉት ከባድ ሚዛኖች ማንም አይነካህም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።»

በረዶውን ከጉንጩ ላይ አነሣው።

«ሦስቱ የእኔ ናቸው?»

«ያንተ ናቸው።»

«እውነት? በፎርፌ አይደለም?»

«በፎርፌ አይደለም። ቦክሰኛ ነህ፣ ቱት።»

ከዚያ ኛቦልና ልጆቹ በር ላይ ሲመጡ አየና እጄን ይዞ ወደ እነሱ አዞረኝ።

«ድገመው» አለኝ። «ለእነሱ ድገመው።»

ደገምኩላቸው።